ዕጢው ወጥቶ የለም እንዴ? የአንድ ቀዶ ሐኪም የሠላሳ ዓመት የቆሽት ካንሰር ምርምር

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

እኛ ቆሽትን የምናውቀው በንዴት ነው። «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ ተብለን ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን እንቸገራለን። ከጣፊያ ጋር የሚያምታታውም ጥቂት አይደለም። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽና ኢንሱሊን የሚያመነጭ አካል ነው። ጥልቅ ቦታ ላይ ስለሆነ ካንሰሩም ሳይታይ ያድጋል።

በሆስፒታል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ፣ ስፌቱ ደርቆ፣ ታማሚው ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ቤተሰብ ይጠይቃል፦ «ዕጢው ወጥቶ የለም እንዴ? ታዲያ ኬሞው ለምንድን ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሐኪሞቹም ራሳቸው የተስማሙበት መልስ አልነበራቸውም።

ይህ የጉዳይ ጥናት መልሱ እንዴት እንደተገኘ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን በኩል ይከታተላል። ሰውየው እንግሊዝ አገር የሠሩ ቀዶ ሐኪም ናቸው። በበርሚንግሃም ጀምረው ከ1996 ጀምሮ በሊቨርፑል የቀዶ ሕክምና ክፍልን መርተዋል፤ በኋላ ወደ ጀርመን ሃይድልበርግ ሄዱ። ትኩረቴ ሥራው ላይ ስለሆነ ስም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው፦ ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ አጭር ዕድሜ

የቆሽት ካንሰር ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። በቀዶ ሕክምና ሊወጣለት የሚችለው ከአምስት ታማሚ አንዱ ቢሆን ነው። ዕጢው በቆሽቱ ራስ ላይ ከበቀለ የሐሞት ቱቦን ስለሚጫን ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ «የወፍ በሽታ» የሚባለው ምልክት ማለት ነው። እንዲህ የሆኑት በአንድ በኩል ዕድለኞች ናቸው። ቢጫነቱ ቶሎ ሐኪም ጋ ያደርሳቸዋል። በቆሽቱ መሃልና ጅራት ላይ የሚወጣው ግን ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል።

የቆሽት ራስ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ዊፕል ይባላል። ከቆሽቱ ራስ ጋር የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦው የታችኛው ክፍል አብረው ይወጣሉ። ከዚያ የቀረው ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦውና ጨጓራው እንደገና ከአንጀት ጋር ይገጠማሉ። ሦስት መገጣጠሚያ ማለት ነው። አስቸጋሪው የቆሽቱ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ክር በደንብ አይዝም። ካፈሰሰ ደግሞ ምግብ እንዲፈጭ የተሠራው ፈሳሽ የገዛ ሰውነትን ይፈጫል።

ይህን ቀዶ ሕክምና አዘውትረው በሚሠሩ ማዕከላት ውጤቱ እየተሻሻለ መጣ። በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የሚሞተው ሰው ቀነሰ። ይሁንና በእግራቸው ወደ ቤታቸው የሄዱት ሰዎች ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው መጡ። ካንሰሩ በጉበት ላይ ወይም እዚያው ዕጢው በወጣበት ቦታ እንደገና በቅሎ ተገኘ። ቢላው የሚታየውን አወጣ፤ በዓይን የማይታየው ዘር ግን ቀድሞ ተበትኖ ነበር።

ችግሩ

የተበተነውን በመድኃኒት፣ ማለትም በኬሞ፣ ማጥፋት ይቻላል? ወይስ በጨረር? ወይስ በሁለቱም?

በአሜሪካ አንድ መልስ ነበር። በ1985 የታተመ ሙከራ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ የወሰዱትን ምንም ካልወሰዱት ጋር አነጻጸረ። ሕክምናውን ያገኙት ሚዲያን የዕድሜ ቆይታ 20 ወር፣ የሌሎቹ 11 ወር ሆነ። ሚዲያን ማለት ከታማሚዎቹ ግማሹ ያንን ያህል ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ኖሯል ማለት ነው። ቁጥሩ ደስ ይላል። ችግሩ በሙከራው የነበሩት ሰዎች 43 ብቻ መሆናቸው ነው። በዚህች ትንሽ ሙከራ ላይ ተመሥርቶ ጨረርና ኬሞን ማጣመር በአሜሪካ የተለመደ ሕክምና ሆነ። አውሮፓውያኑ አልተዋጠላቸውም። በ1999 የታተመ 218 ሰዎች የተሳተፉበት የእነሱ ሙከራ ደግሞ የረባ ጥቅም አላሳየም።

ለምን ትልቅ ሙከራ አልተሠራም? ሰው ስለሌለ ነው። ዕጢው የሚወጣለት ታማሚ ጥቂት ነው። አንድ ሆስፒታል በዓመት የሚያገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነዚህም ከቀዶው አገግሞ ለኬሞ የሚደርሰው ሁሉም አይደለም። አንድ ሐኪም ብቻውን ይህን ጥያቄ ይመልስ ቢባል ዕድሜው አይበቃውም።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ኢስፓክ-1

ሐኪሙና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ነገር ከሕክምናው በፊት የድርጅት ሥራ ነበር። የአውሮፓ ሆስፒታሎችን በአንድ ሙከራ ስር ሰበሰቡ። ስሙ ኢስፓክ-1 ነው። ታማሚ መቀበል የጀመረው በየካቲት 1994 ሲሆን እስከ ሰኔ 2000 ቆየ። 11 አገሮች ገቡበት።

አወቃቀሩ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ ኬሞ ይጠቅማል ወይ? ከኬሞ ጋር የተጣመረ ጨረርስ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሙከራ ቢሠራ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ታማሚ ሁለት ጊዜ ዕጣ ወጣለት። አንዱ ዕጣ ለኬሞ፣ ሌላው ከኬሞ ጋር ለተጣመረው ጨረር (ከዚህ በኋላ «ጨረሩ» የምለው እሱን ነው)። በዚህ መንገድ አራት ቡድን ተፈጠረ፦ ምንም ያልወሰዱ 69፣ ጨረሩን ብቻ 73፣ ኬሞ ብቻ 75፣ ሁለቱንም 72። ድምሩ 289። አንዱ ታማሚ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ብልሃት ነው።

የሚከራከሩበት ነገር የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ሁለቱንም ዕጣ ለመቀበል አልፈለጉም። «ጨረር እንደሚጠቅም አምናለሁ፣ ስለዚህ ለኬሞው ብቻ ዕጣ ይውጣ» የሚል ነበር። በተቃራኒው ያለም ነበር። አዘጋጆቹ እምቢ አላሉም። እነዚህንም ተቀበሉ። በ2001 የመጀመሪያው ውጤት ሲታተም ቁጥሩ 541 ደርሶ ነበር፤ 285ቱ (በመጨረሻው ቆጠራ 289 የሆኑት) ሁለቱንም ዕጣ የተቀበሉ፣ 188ቱ ለኬሞው ብቻ፣ 68ቱ ለጨረሩ ብቻ የተደለደሉ ነበሩ።

በእኔ እይታ በጠቅላላው ታሪክ ከባዱ ውሳኔ ይህ ነው። በሩን ጠበብ ቢያደርጉት ሙከራው ንጹሕ ይሆን ነበር፤ ሰው ግን አይገኝም። ወለል ሲያደርጉት ሰው ተገኘ፤ ንጽሕናው ደግሞ ተነካ።

የመጨረሻው ውጤት በ2004 ወጣ፤ ሁለቱንም ዕጣ በተቀበሉት 289 ሰዎች ላይ ብቻ የተሠራ ነው። ኬሞ ያገኙት ሚዲያን ቆይታ 20.1 ወር፣ ያላገኙት 15.5 ወር። አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ኬሞ ካገኙት 21 በመቶ፣ ካላገኙት 8 በመቶ። የጨረሩ ውጤት ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። ጨረሩን ያገኙት 15.9 ወር፣ ያላገኙት 17.9 ወር። አምስት ዓመት የደረሱት ደግሞ 10 በመቶ በ20 በመቶ። ጸሐፊዎቹ ጨረሩ ጎጂ ነው ብለው በግልጽ ደመደሙ።

ውዝግቡ

የአሜሪካ የጨረር ሐኪሞች ቆሽታቸው አረረ ማለት ይቻላል። ትችታቸው ግን ባዶ አልነበረም። ጨረሩ የተሰጠው በሁለት ተከፍሎ፣ መሃል ላይ እረፍት ኖሮት፣ በጠቅላላው 40 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው። አሮጌ አሠራር ነው አሉ። የየሆስፒታሉን የጨረር ጥራት በማዕከል የተቆጣጠረ አልነበረም። ከዕጣው ውጪ ተጨማሪ ሕክምና የወሰዱ ሰዎችም ነበሩ።

እኔ ሁለቱንም ወገን እሰማለሁ። ጨረሩ በደንብ አለመሰጠቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በተራ ሆስፒታል፣ በተራ ቀን የሚሰጠው ጨረር ያ ነው። ሙከራው የመለሰው «የተዋጣለት ጨረር ምን ያደርጋል?» የሚለውን አይደለም፤ «በየሆስፒታሉ የሚሰጠው ጨረር ምን አደረገ?» የሚለውን ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

ለእኛም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ጨረር የግድ ነው ቢባል ኖሮ ታማሚው ወረፋ ሲጠብቅ ጊዜው ያልቅ ነበር። ኬሞ ብቻውን ይበቃል ማለት በየክፍለ ሀገሩ ሊሰጥ የሚችል ሕክምና አለ ማለት ነው።

የራስን ሙከራ መቁረጥ፦ ኢስፓክ-3

ኬሞ ከጠቀመ የትኛው ኬሞ? ኢስፓክ-3 በ2000 ሲጀመር ሦስት ቡድን ነበረው፦ ፍሎሮዩራሲል ከፎሊኒክ አሲድ ጋር፣ ጄምሲታቢን፣ እና ክትትል ብቻ።

በ2003 የኢስፓክ-1 መረጃ ኬሞ ዕድሜ እንደሚያስረዝም ግልጽ አደረገ። ታዲያ ሰውን በዕጣ «አንተ ምንም አትወስድም» ማለት እንዴት ይቻላል? በሰኔ 2003 የክትትሉን ቡድን ዘጉት። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በመሃል ቡድን መዝጋት ማለት ስንት ሰው ያስፈልጋል የሚለውን ስሌት ማፍረስ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት እንደገና መቅረብ፣ ገንዘብ ሰጪውን ማስረዳት ነው። አደረጉት።

ውጤቱ በ2010 ወጣ። 1,088 ሰዎች፣ 17 አገሮች። ፍሎሮዩራሲል 23.0 ወር፣ ጄምሲታቢን 23.6 ወር። እኩል። አንድ ተመራማሪ አሥር ዓመት ለፍቶ «ልዩነት የለም» ሲል ሰው ያዝንለታል። ግን ውጤቱ ባዶ አልነበረም። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ፍሎሮዩራሲል ከወሰዱት 14 በመቶውን፣ ጄምሲታቢን ከወሰዱት 7.5 በመቶውን አግኝቷል። የአፍ ቁስልና ተቅማጥ በፍሎሮዩራሲል ባሰ። ዕድሜው እኩል ከሆነ ሰው የሚመርጠው የሚቀለውን ነው።

ከዚህ ሙከራ የተረፈ ሌላም ነገር ነበር፤ የተቀመጠ ሥጋ። ከቀዶ ሕክምናው የወጡት ዕጢዎች ናሙና ተጠብቆ ቆይቷል። በኋላ ጄምሲታቢንን ወደ ሴል የሚያስገባ ሄንት-1 የተባለ ፕሮቲን ተመረመረበት። ጄምሲታቢን ከወሰዱት መካከል ፕሮቲኑ ያነሰባቸው 17.1 ወር፣ የበዛላቸው 26.2 ወር ቆዩ። በሩ ከሌለ መድኃኒቱ አይገባም ማለት ነው። ያምራል። ግን ሌሎች ቡድኖች በሌላ የምርመራ ኬሚካል ሲሞክሩት ያው ውጤት አልተገኘም፤ የዘወትር ምርመራም አልሆነም።

ያልሠራው

ሁሉም እርምጃ አልተሳካም። ሐኪሙ ከመሪዎቹ አንዱ በነበሩበት ቴሎቫክ በተባለ ሙከራ የካንሰር ክትባት ተሞከረ። ካንሰር ሴል ሳያረጅ እንዲባዛ የሚረዳውን ቴሎሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም የሰውነት መከላከያ እንዲያጠቃው ለማድረግ የታሰበ ነበር። 1,062 ታማሚዎች ገቡ። በሽታቸው ለቀዶ ሕክምና ያለፈ ነበር። ኬሞ ብቻ የወሰዱት 7.9 ወር፣ ከኬሞ ቀጥሎ ክትባቱን የወሰዱት 6.9 ወር፣ አንድ ላይ የወሰዱት 8.4 ወር። የማያወላዳ ልዩነት አልተገኘም። በ2014 ታተመ፤ ክትባቱ እዚያው ቀረ።

ይህን የማነሳው ሰዎችን ለማሳጣት አይደለም። ሐሳቡ በላቦራቶሪ አሳማኝ ነበር። ከሺህ በላይ ሰው ሳይገባበት መልሱ አይታወቅም ነበር። ያልሠራውንም እንደሠራው ሁሉ በሙሉ ቁጥር ማተማቸው ይመዘገብላቸዋል።

ኢስፓክ-4፣ ከዚያም ፈረንሳዮቹ

ቀጣዩ ጥያቄ ተፈጥሯዊ ነበር። ጄምሲታቢን ከቀለለ፣ ሌላ ቢጨመርበትስ? የተጨመረው ካፔሲታቢን ነው። በአፍ የሚዋጥ ክኒን ሲሆን ሰውነት ውስጥ ወደ ፍሎሮዩራሲል ይቀየራል። በሌላ አነጋገር በኢስፓክ-3 እርስ በርስ የተወዳደሩት ሁለቱ አሁን ተጋቡ።

ከ2008 እስከ 2014 በተካሄደው ሙከራ የ730 ሰዎች ውጤት ተተነተነ። ሁለቱን የወሰዱት 28.0 ወር፣ ጄምሲታቢን ብቻ የወሰዱት 25.5 ወር። የሁለት ወር ተኩል ልዩነት ሲታይ ያንሳል። አምስት ዓመት በሕይወት ይኖራሉ የተባሉት ግን 28.8 በመቶ ለ16.3 በመቶ ነበር። ሚዲያን ብቻ የሚያነብ ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል። እነዚህ ታማሚዎች ደግሞ ቀላል በሽታ የያዛቸው አልነበሩም። 60 በመቶው በቀዶው ጠርዝ ላይ የካንሰር ሴል ቀርቶባቸዋል። 80 በመቶው ካንሰሩ ወደ ሊምፍ ዕጢያቸው ደርሷል።

ውጤቱ በ2017 ታተመ። ከዓመት በኋላ ግን ሌሎች ቀደሟቸው። የፈረንሳይና የካናዳ ሐኪሞች ፎልፊሪኖክስ የተባለውን ጠንካራ ቅይጥ ከጄምሲታቢን ጋር አወዳድረው 54.4 ወር ለ35.0 ወር አሉ። ያ ትልቅ ልዩነት ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ ማለት ይገባል። የፈረንሳዩ ሙከራ የተቀበለው ጥሩ አቅም ያላቸውንና ከቀዶው በኋላ በደም ምርመራ የሚታየው የካንሰር ምልክታቸው ዝቅ ያለውን ብቻ ነው። ጄምሲታቢን ብቻ የወሰዱትን ተመልከቱ፤ በአንዱ ሙከራ 25.5፣ በሌላው 35.0። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ሰዎቹ ናቸው የተለያዩት። የአንዱን ሙከራ 28 ከሌላው 54 ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ መፍረድ ስህተት ነው። ፎልፊሪኖክስን ለሚችል ሰው እሱ ይመረጣል። ለማይችለው የኢስፓክ-4ቱ አለ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ተገልብጧል፦ ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢሰጥስ? ኢስፓክ-5 ይህን የሞከረው ዕጢያቸው የደም ሥር በነካባቸው፣ ቀዶው በሚያጠራጥር 90 ሰዎች ላይ ነው። በቀጥታ ወደ ቀዶ ከተወሰዱት አንድ ዓመት የደረሱት 39 በመቶ ናቸው። ቀድመው ፎልፊሪኖክስ ከወሰዱት 84 በመቶ፣ ጄምሲታቢንና ካፔሲታቢን ከወሰዱት 78 በመቶ፣ ጨረርና ኬሞ ከወሰዱት 60 በመቶ ደረሱ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ቀድመው ሕክምና ከወሰዱት በየቡድኑ ያለው ሰው ሃያ ገደማ ነው። ዕጢያቸው በቀላሉ ሊወጣ ለሚችል ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይለያል። በሰሜን አውሮፓ በተሠራ ሌላ ሙከራ ቀድመው ኬሞ የወሰዱት በቀጥታ ቀዶ ከተደረገላቸው አልተሻሉም።

ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰደው

በመጀመሪያ የጥያቄው መጠን። ሐኪሙ «የቆሽት ካንሰርን እንዴት እናድን?» ብለው አልተነሱም። «ኬሞ ከምንም ይሻላል?» አሉ። ከዚያ «የትኛው?» ከዚያ «ሁለቱ ቢጣመሩ?» ከዚያ «መቼ?» እያንዳንዱ ሙከራ የቀድሞውን አሸናፊ ይዞ ተነሳ። የመመረቂያ ጥናት የሚመርጡ ወጣት ሐኪሞቻችን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ ሰፊ ርዕስ፣ ከቀደመው ሥራ ጋር ያልተያያዘ።

ሁለተኛው ስለ በሩ ስፋት ነው። ብዙ ሆስፒታል ማስገባት ከፈለጋችሁ የየቤቱን ልማድ ማክበር ይኖርባችኋል። ዋጋው ግን ኋላ ይመጣል። ኢስፓክ-1 ያልተቆጣጠረው የጨረር ጥራት ሃያ ዓመት አከራክሯል። እኔ ብሆን በሩን እንደከፈትሁ እተወውና ጥራቱን የሚመዘግብ አንድ ሰው እቀጥር ነበር። ከሩቅ ሆኖ ማለት ቀላል ነው፣ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ናሙና ማስቀመጥ። የሄንት-1 ጥናት የተቻለው ሰው ሥጋውን በአግባቡ ስላስቀመጠ ነው። በኛ አገር ብዙ የፓቶሎጂ ብሎክ (በሰም የታሸገ የሥጋ ናሙና) በየመደርደሪያው አለ፤ ከታማሚው ካርድ ጋር የሚያገናኘው ቁጥር ግን ጠፍቷል። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። መዝገብ ነው የሚያስፈልገው።

የመጨረሻው ለታማሚና ለቤተሰብ የሚቀርበው ነው። በኢስፓክ-3 የተሳተፉ 985 ሰዎች መረጃ እንደገና ሲታይ ዕድሜን በማርዘም የታወቀው ኬሞውን ቶሎ መጀመር አልነበረም። ስድስቱንም ዙር መጨረስ ነው። በስምንት ሳምንት ውስጥ የጀመሩትና እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ዘግይተው የጀመሩት አልተለያዩም። ስለዚህ ቁስሉ ያልዳነ፣ ምግብ ያልጀመረ፣ ክብደቱ ያልተመለሰ ሰው «ቀኑ አለፈብኝ» ብሎ መጨነቅ የለበትም። ቤተሰብም በድካሙ ላይ ቸኩሎ ባያጣድፈው ይሻላል። ይብላ፣ ይራመድ፣ ያገግም። ሐኪሙን የሚጠይቀው «መቼ እንጀምር?» ብቻ ሳይሆን «ስድስቱን ለመጨረስ ምን ያስፈልገኛል?» የሚለውን ነው፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ለስድስት ወር ተቆጥሮ፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣው ማረፊያ ታስቦ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደክም የሚያነሳው ሰው ከወዲሁ ታውቆ።